ለአክስቴ ልጅ የላክኩት ሰንጠረዥ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር ሰላም ነዎት? ፕሮባቢሊቲ ያስተማሩን ትዝ ይልዎታል? ለቤቲንግ የሚሆን ቀመር ካለዎት ይላኩልኝ፤ ከበላሁ አልረሳዎትም» ይላል። መጨረሻው ላይ የምትስቅ ፊት አለች።

ሦስት ቀን ሙሉ መልስ አልሰጠሁትም። ንቄው እንዳይመስለው። ከዚህ በፊት እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቄ፣ ቀመሩን አዘጋጅቼ ልኬ ስለማውቅ ነው ዝም ያልኩት። ስለዚህ መልሱን እዚሁ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ወሰንኩ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ታሪኩ የአክስቴ ልጅ ነው። እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም። የምታውቁትም እባካችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትጠሩት።

እኔና እሱ ያደግነው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። የሂሳብ የቤት ሥራ ከእኔ ይገለብጥ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲነካኝ እሱን እጠራ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት ሁለታችንም ዲቪ ሞላን። ለእሱ ደረሰው፣ ለእኔ አልደረሰኝም። አክስቴ ያን ቀን እልል ብላ «የኔ ልጅ ዕድሉ ከፊቱ ነው የሚሄደው» አለች። ይቺን ቃል ያዙልኝ። በዕጣ ሕይወቱ የተቀየረ ሰው ዕጣን እንደ እኔና እንደ እናንተ አያየውም።

ሄዶ ላስ ቬጋስ ገባ። ሐበሻ የበዛበት ከተማ ነው፤ ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴል የሚሠራው፣ መኪና የሚያቆመው ብዙ ነው። እሱም ታክሲ ያዘ፣ የሌሊት ሽፍት። እዚያ ከተማ ቁማሩ ካዚኖ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ማሽን አለ። ነዳጅ ማደያው ውስጥ አለ። ሱፐርማርኬት ወተት ልትገዛ ስትገባ በሩ አጠገብ ተደርድሮ ይጠብቅሃል።

ሥራ የሚጨርሰው በእነሱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ እኔ ምሳ ላይ ስሆን። በዚያች ሰዓት ነበር የምናወራው። አንድ ቀን ደውሎ «ቲቸር» አለኝ። ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። «አንድ ጨዋታ አለ። እንደ ሌላው ዝም ብሎ ቁልፍ መምታት አይደለም፤ ካርታ ነው፤ ታስቦበት ነው የሚጫወቱት። አንተ የሂሳብ ሰው አይደለህ? ስልቱን አጥናልኝ።»

እውነቱን ልናገር። ደስ አለኝ። እኔ የዲፕሎማ መምህር ነኝ፤ አስተማሪ ሲጠፋ ነው 9ኛ ክፍል ላይ የመደቡኝ፣ እዚያው ቀረሁ። ስታፍ ውስጥ ባለ ዲግሪዎቹ ሲከራከሩ እኔ ሻይ የምጠጣ ሰው ነኝ። አሜሪካ ያለ ሰው ዕውቀትህን ፈልጌ ነው ብሎ ሲደውልልኝ... በቃ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

ጨዋታው ቪዲዮ ፖከር ይባላል። እንደሚከተለው ነው። ማሽኑ ከ52 ካርታ አምስት ያድልሃል። የምትፈልጋቸውን ትይዛለህ፣ የቀሩትን ትጥላለህ፤ በጣልካቸው ልክ ከቀሩት 47 ካርታዎች ይተካልሃል። በመጨረሻ እጅህ ላይ ባለው ነው የሚከፍልህ። ተቃዋሚ የለም፣ የፊት መነበብ የለም፣ አንተና ሰንጠረዡ ብቻ ናችሁ። ዋናው ዓይነት ጃክስ ኦር ቤተር የሚባለው ነው፦ በአንድ ሳንቲም ሒሳብ የጃክ ወይም ከዚያ በላይ ጥንድ 1 ይከፍላል፣ ሁለት ጥንድ 2፣ ሦስት አንድ ዓይነት 3፣ አምስት ተከታታይ ወይም ስትሬት 4፣ አምስቱም አንድ ምልክት ከሆኑ ማለትም ፍላሽ 6፣ ሦስትና ሁለት ወይም ፉል ሃውስ 9፣ አራት አንድ ዓይነት 25፣ ስትሬት ፍላሽ 50። ትልቁ ሮያል ፍላሽ ነው፤ ከ10 እስከ ኤስ በአንድ ምልክት። በአንድ ሳንቲም ከተጫወትክ 250 ብቻ ነው የሚከፍለው፣ አምስት ሳንቲም ካስያዝክ ግን 4,000፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሳንቲም 800።

የሂሳብ አስተማሪን ልብ የሚሰርቀው ይሄ ነው። በኔቫዳ ሕግ ካርታ የሚያሳይ ማሽን እያንዳንዱን ካርታ በእኩል ዕድል ማደል አለበት፤ እንደ እውነተኛ የተበወዘ ካርታ። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ አምስት ካርታዎች በ2,598,960 መንገድ ሊመጡ ይችላሉ፤ ይሄ 52 ካርታ ውስጥ 5 የመምረጫ ኮምቢኔሽን ነው፣ ትዝ ይላችኋል? እያንዳንዱን በ32 መንገድ ይዘህ መጣል ትችላለህ። ሁሉም ይሰላል። የተደበቀ ነገር የለም። ለእያንዳንዱ እጅ አንድ ትክክለኛ መልስ አለ!

ስለዚህ ከደብተር ላይ አንድ ገጽ ቀድጄ በአማርኛ ሰንጠረዥ ሠራሁለት። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ነበሩ፦

ሁልጊዜ አምስት ሳንቲም፤ ካልሆነ ሮያሉ ዋጋውን ያጣል። አቅምህ አምስት ካልፈቀደ ከፍ ያለ ማሽን ላይ አንድ ከማስያዝ ዝቅ ያለ ማሽን ላይ አምስት።

የጃክ፣ የኩዊን፣ የኪንግ ወይም የኤስ ጥንድ ካለህ፣ ለፍላሽ አንድ የቀራቸው አራት ካርታዎች ቢኖሩህም ጥንዱን ያዝ። ትንሽ ጥንድ ከሆነ ግን አራቱን የፍላሽ ካርታዎች ያዝ።

ትንሽ ጥንድና አንድ ኤስ ካለህ ጥንዱን ብቻ ያዝ፣ ኤሱን ጣል። ሰው ሁሉ ኤስ ማቀፍ ይወዳል፤ ጥንድ ይዘህ ሦስት ካርታ መቀየር ይሻላል።

ትንሽ ጥንድ፣ በሁለቱም ጫፍ ክፍት ከሆነ አራት ተከታታይም ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። መሐሉ የጎደለ ስትሬት፣ ትልልቅ ካርታዎች ከሌሉበት፣ አትከተል።

ምንም የሚያዝ ከሌለ አምስቱንም ጣል። አትፈር።

አንድ ደግሞ በቀይ እስክሪቢቶ የጻፍኩት አለ፦ ማሽኑ ላይ ሳትቀመጥ በፊት ሰንጠረዡን አንብብ። ፉል ሃውስ 9 እና ፍላሽ 6 የሚከፍል ከሆነ፣ በትክክል ለተጫወተ ሰው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር በአማካይ 99 ዶላር ከ54 ሳንቲም ይመልሳል። 8 እና 5 የሚከፍል ከሆነ 97.30 ነው። 6 እና 5 ከሆነ 95። ማሽኖቹ አንድ ዓይነት መብራት፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያላቸው። ልዩነቱ ያለው ሁለት ቁጥር ላይ ብቻ ነው።

ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክኩለት። በሁለት ሳምንት በቃሉ ያዘው። ስልክ ላይ ፈተና እሰጠው ነበር፣ «ሁለት ሰባት፣ ኪንግ፣ ሦስት፣ ዘጠኝ» ስለው «ሰባቶቹን!» ይላል። ከክፍሌ ተማሪዎች ሁሉ እንደ እሱ የተጋ የለም።

አንድ ሌሊት ተናዶ ደወለ። አምስት የልብ ካርታ ደርሶታል፤ ኤስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክና 4። ያለቀ ፍላሽ ነው። በሰንጠረዤ መሠረት ግን 4ቱን ጥሎ የልብ 10 ጠበቀ። የመጣው ጥቁር 3 ነው። በ25 ሳንቲም ማሽን ላይ የተቆረጠለትን 7 ዶላር ከ50 ወረወረ ማለት ነው። «ገደልከኝ» አለኝ። እኔ እየሳቅኩ አስረዳሁት፦ ከ47 ካርታ አንዷ ብቻ ናት የምትፈለገው፣ የምትከፍለው ግን 800 ነው፤ 800ን ለ47 ብታካፍል 17 ይመጣል። እጅህ ላይ የነበረው 6 ነው። 17 በ6 መለወጥ ስህተት አይደለም። የተሸነፍክ ቢሆንም ልክ ነህ።

«የተሸነፍክ ቢሆንም ልክ ነህ።» ይቺን ስላት በጣም ኮራሁባት። ለቁማር ተጫዋች ከዚህ የከፋ ዓረፍተ ነገር እንደሌለ የገባኝ በኋላ ነው።

በሁለት ወሩ ሮያል ወጣለት። በ25 ሳንቲሙ ማሽን፣ 1,000 ዶላር። የስክሪኑን ፎቶ ላከልኝ። ለአክስቴ 300 ዶላር ላከ፣ ለፋሲካ በግ ተገዛ። ለእኔም 100 ዶላር «ለአስተማሪ» ብሎ ላከ። ተቀበልኩ። ጫማ ገዛሁበት፣ የተረፈውን ለቤት ኪራይ አዋልኩት። በዚያን በዓል አክስቴ ቤት ቁጭ ብዬ የበላሁት ሥጋ ከየት እንደመጣ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እውነት ለመናገር ጣፍጦኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልኩ እየራቀ መጣ። ሲደውልም የሚያወራው ስለ ጨዋታው ብቻ ሆነ። «ሮያሉ ደርሷል» ይለኛል። ለካ ጥፋተኛው እኔው ነኝ። ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ «ሮያል በአማካይ በ40,000 ዙር አንድ ጊዜ፤ በሰዓት 600 ዙር ብትጫወት በ67 ሰዓት አንዴ» ብዬ ጽፌለት ነበር። እኔ አማካይ ጻፍኩ፣ እሱ ቀጠሮ አነበበ። 67 ሰዓት ሲሞላ እንደ አውቶብስ የሚመጣ መሰለው። ማሽኑ ግን ስንት ሰዓት እንደተቀመጥክ አያውቅም፤ እያንዳንዱን ዙር አዲስ አድርጎ ነው የሚበውዘው። 40,000 ዙር ከሚጫወቱ 100 ሰዎች ውስጥ ወደ 37ቱ አንድም ሮያል ሳያዩ ይጨርሳሉ። ይሄን አልጻፍኩለትም ነበር። ቦታ አልበቃኝም ብዬ ነው።

ሌላም ያልጻፍኩለት አለ። ያ 99.54 ውስጥ 2 ብር ያህሉ የሮያሉ ድርሻ ነው። ሮያሉ እስኪመጣ ድረስ የሚመለሰው ከመቶ 97.5 ገደማ ብቻ ነው። ደግሞም ከሁሉም ዙሮች 45 ከመቶ ገደማ «አሸነፍክ» ይልሃል፤ ከእነዚህ ግማሽ የሚጠጉት የጃክ ጥንድ ናቸው፣ ማለትም ያስያዝከውን ራሱን መልሶ ሲሰጥህ እያጨበጨበልህ ነው። ዝግ ብሎ ነው የሚወስደው፤ አያምህም።

በክረምቱ አክስቴ ጠራችኝ። «ልጄ ምን ሆኖብኝ ነው? ሁለት ወር ድምፁን አልሰማሁም። አንተ ታወራዋለህ አይደል?» አለችኝ። ነጠላዋን እያጣጠፈች መልሳ እየዘረጋች። «ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳት። ዋሸሁ።

እኔም ደጋግሜ ደወልኩ፣ አላነሳም። በመጨረሻ ከእኛው ሰፈር ሄዶ እዚያው የሚኖር ሰው አገኘኝ። ነገሩ የዕቁብ ነው። ሃያ ሾፌሮች በወር 500 ዶላር የሚጥሉት ዕቁብ አላቸው፣ አንዱ ዕጣ 10,000 ዶላር። ለአክስቴ ልጅ በአምስተኛው ወር ወጣለት። ዋሱ ይሄ የደወለልኝ ሰው ነው። ብሩን ወስዶ ሁለት ወር ከጣለ በኋላ አቆመ። «ወንድሜ፣ ሰው ሊያጣ ይችላል፣ ይገባኛል» አለኝ ሰውየው። «ግን አይነግረንም? የሰው ፊት ነው ያሳየኝ።»

ያን ማታ በተከታታይ ደወልኩ፣ በአሥራ አንደኛው አነሳ። አልቆጣሁትም፤ ለመቆጣት ምን ፊት አለኝ? ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ ነገረኝ። ከሮያሉ በኋላ ወደ አንድ ዶላር ማሽን ተሻግሯል። በአንድ ዙር 5 ዶላር። «ስልቱ አንድ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚያድገው ብዬ» አለኝ። የሚጫወትበትን ማሽን ፎቶ እንዲልክልኝ ጠየቅኩት። ስክሪኑን አጎላሁት። ፉል ሃውስ 8። ፍላሽ 5።

«ይሄ እኮ በቀይ የጻፍኩት ነው!» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ዘጠኝ ስድስት ያለው ቤት ሩቅ ነው። ይሄ መኪና ከማስረክብበት አጠገብ ነው።»

ወረቀት ላይ ሠራሁት። 5 ዶላር በሰዓት 600 ጊዜ፣ 3,000 ዶላር በሰዓት በማሽኑ ውስጥ ያልፋል። 2.70 ከመቶው 81 ዶላር። አምስት ሰዓት ከተቀመጠ በሌሊት 405። በ25 ሌሊት ወደ 10,000 ዶላር ይጠጋል። ዕቁቡ በትክክል የት እንደገባ ሂሳቡ ነገረኝ። ያውም ምንም ዓይነት ስህተት ሳይሠራ፣ ሰባቶቹን ይዞ ኤሱን እየጣለ።

«ታዲያ እያወቅክ ለምን?» አልኩት።

ቆይቶ እንዲህ አለኝ፦ «እዚያ ስቀመጥ ጸጥ ይላል። የተሳፋሪው፣ የቤት ኪራዩ፣ የእናቴ፣ ሁሉም ድምፅ ይጠፋል። አምስት ካርታ ብቻ። ሮያል ሲወጣ ራሱ አይደለም የምወደው... ያቋርጠኛል። አንተ ደግሞ ልክ ነህ ብለኸኛል። ሌሎቹን አያቸውና፣ እነሱ ቁማርተኞች ናቸው፣ እኔ ግን በስሌት ነው እል ነበር።»

ይቺን ንግግር ከሰማሁ በኋላ ለብዙ ቀን ክፍል ገብቼ ጠመኔ ስይዝ እጄ ከበደኝ።

ሰንጠረዡ ውሸት አልነበረበትም። ዛሬም አንድ ቁጥር ሊያርም የሚችል ካለ ይምጣ። ችግሩ እኔ የመለስኩት «ይሄ እጅ ሲደርሰኝ የትኛውን ልያዝ?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ መሆኑ ነው። «ስንት ሰዓት ልቀመጥ? በየትኛው ገንዘብ? ምን ሸሽቼ ነው የምቀመጠው?» ለሚሉት ሰንጠረዥ አልሠራሁም፤ አልጠየቅኩትምም። ስልት የሚቀንሰው በእያንዳንዱ ዙር የምታጣውን ነው። የዙሩን ብዛት ግን አይቀንስም። እንዲያውም ይጨምረዋል፣ ምክንያቱም ስልት ያለው ሰው ተነስቶ የሚሄድበት ምክንያት ያጣል። በ25 ሳንቲም፣ በዘጠኝ ስድስቱ ማሽን፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ቢጫወት ኖሮ በአማካይ የሚያጣው 3 ዶላር ከ45 ነበር፣ ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። ሂሳቡ ያው ሂሳብ፣ ስልቱም ያው ስልት ነው። ቤት ያፈረሰው ስልቱ ውስጥ ያልነበረው ነገር ነው።

ሌላ ያስገረመኝን ልንገራችሁ። በዚያ ሰሞን ስለ ዕቁብ ብዙ አሰብኩ። ዕቁብም ዕጣ አለው። ስምህ በወረቀት ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ልብህ ይመታል። ግን ሃያ ወር ሙሉ የጣልከው 10,000 ዶላር ሃያው ወር ሲያልቅ 10,000 ሆኖ በእጅህ ገብቷል። መቶ ከመቶ ይመለሳል። ዕጣው የሚወስነው መቼ እንደምትወስድ ብቻ ነው። አያቶቻችን ፕሮባቢሊቲ አልተማሩም፤ ዕጣን እንዴት እንደሚያስተናግዱት ግን ያውቁ ነበር። የአክስቴ ልጅ መቶ ከመቶ ከሚመልስለት ዕጣ አውጥቶ፣ ዘጠና ሰባት ለሚመልሰው ሰጠው። ከእኔ ዘጠና ዘጠኝ ከግማሽ የሚል ወረቀት በኪሱ ይዞ።

አሁን ወዳንተ ልመለስ፣ ተማሪዬ።

ቀመር ላክልኝ ብለሃል። እሺ፣ እነሆ። አንድ ጨዋታ ውሰድ፤ ኦዱ ለባለሜዳው 2.50፣ ለአቻ 3.20፣ ለእንግዳው 2.70 ነው እንበል። እኔ የፈጠርኩት ምሳሌ ነው፤ አንተ በስልክህ ካለው ቀይረህ ሥራው። አንድን ለእያንዳንዱ አካፍል፦ 0.40፣ 0.3125፣ 0.3704። ደምር። 1.083 ይመጣል። ክፍል ውስጥ ምን ነበር ያልኳችሁ? ሊሆኑ የሚችሉት ሁሉ ሲደመሩ ስንት ነው የሚሆነው? አንድ! ታዲያ ይቺ 0.083 ከየት መጣች? የቤቱ ናት። አንድን ለ1.083 ስታካፍል 0.923 ይሆናል፤ በዚህ ኦድ ዝም ብሎ የሚቆርጥ ሰው ከ100 ብር በአማካይ 92 ብር ገደማ ነው የሚመለስለት። አሁን እናንተ የምትወዷትን ትኬት ሥራት፦ አምስት ጨዋታ በአንድ ላይ። 0.923ን አምስት ጊዜ በራሱ አባዛው። 0.67። ከ100 ብር 67 ብር። ካልኩሌተር አለህ፣ አታምነኝ፣ ራስህ ሥራው።

ታያለህ፣ የአክስቴን ልጅ ያጠፋው ማሽን ካንተ ትኬት ጋር ሲወዳደር ቸር ነው። እሱ ከመቶ ሦስት ብር ባልሞላ ነው የጠፋው።

«ኳስ ግን ዕውቀት ነው፣ እኔ ቡድኖቹን አውቃቸዋለሁ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ልክ ልትሆን ትችላለህ። የአክስቴ ልጅም ልክ ነበር። ስለዚህ የምጠይቅህ ሌላ ነው፣ ያኔ እሱን ያልጠየቅኩትን። በሳምንት ስንት ትኬት ትቆርጣለህ? ብሩ የማን ነው? ስትቆርጥ ጸጥ የሚልልህ ምንድን ነው? ለእነዚህ መልስ ስታገኝ ጻፍልኝ።

ወላጆችም መምህራንም ይሄን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልበል። ልጆቹን «ቁማር ነውር ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ እነሱ ቁማር ሳይሆን ትንታኔ ነው የሚመስላቸው። እኔ ዘንድሮ የፕሮባቢሊቲውን ምዕራፍ የጀመርኩት በሳንቲም መወርወር ሳይሆን በአንድ ትኬት ነው። ሰሌዳው ላይ 1.083 ሲመጣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ይሄ ሌብነት ነው» አለ። «አይደለም፣ ፊት ለፊት ጽፈውታል። እኛ ነን ያልደመርነው» አልኩት።

የአክስቴ ልጅ እንዴት ነው? አምስት ወር ሆነው ካቆመ። ዕዳውን ለዕቁቡ ዳኛ ቀርቦ ተናግሮ በየሳምንቱ እየከፈለ ነው፤ ከቀረው 13 ወር ስድስቱን ጨርሷል። ዋሱ ይቅር ብሎታል፣ ሽፍቱንም ወደ ቀን ቀይሮለታል። ቁማር ያቆሙ ሰዎች ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ቦታ በሳምንት አንዴ ይሄዳል። ወተት የሚገዛው ማሽን ከሌለበት ሱቅ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ነድቶ። ለእናቱ እሁድ እሁድ ይደውላል። ለአክስቴ ሁሉንም ነግሯታል፤ የእኔንም ጭምር። ከዚያ በኋላ ቤቷ ስሄድ ምንም አላለችኝም፤ ቡና ቀድታ አቀረበችልኝ። ዝምታዋ ግን ከስድብ በላይ ነበር። አቦሉን ሳልጨርስ «አጥፍቻለሁ» አልኳት። «ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ» አለች፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ባለፈው እሁድ ለእኔም ደወለ። ይሄን ልጽፍ ነው ብዬ ሳስፈቅደው ነው።

«ሰንጠረዥህን ከስልኬ አጠፋሁት» አለኝ።

«ጎሽ» አልኩት።

«ግን በቃሌ ነው የያዝኩት። ሱፐርማርኬት በር ላይ ሳልፍ እጄ ራሱ ይመልሳል፣ ይሄን ያዝ፣ ያንን ጣል። ምን ላድርገው?»

ምን እንደምለው አላወቅኩም። ያስተማርኩትን የሚያስረሳ ትምህርት አልተማርኩም። «ስትፈልግ ደውልልኝ፣ ክፍል ውስጥም ብሆን አነሳለሁ» አልኩት። አሁን ስልኬን ክፍል ይዤ ነው የምገባው። ተማሪዎቼ ለምን እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ መልሱ ይሄ ነው።

አንተም ተማሪዬ፣ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። ደውል።